የተዛነፈው ሰዓቱ ነው ወይስ አዛኑ? የቤት ታይመር ሲሳሳት

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ጠዋት አከራዬ በሬን አንኳኩ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ፓምፕ ጠባዩ ተበላሽቷል» አሉኝ። ድሮ የሱብሒ፣ የንጋቱ ሶላት፣ አዛን ከማለቱ በፊት ውኃውን ስቦ ጨርሶ ዝም ይል ነበር። አሁን ግን እሳቸው ሰግደው እስኪነሱ ከግድግዳው ጀርባ ያጓራል።

አዳማ ለሚኖር ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። መሬት ያለው ታንከር ይሞላል፣ ፓምፑ ደግሞ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋዋል። ከሌሊቱ 10:30 ላይ ተነስቶ ፓምፕ የሚያበራ ጀግና ስለሌለ ሥራው ለታይመር ተሰጥቷል። የበሩ መብራትም በታይመር ነው። እኔም ሰርቪሷን ተከራይቼ ከገባሁ ወዲህ አንዳንዱን ነገር በዋይፋይ አድርጌዋለሁ። በዚህ ሰበብ የግቢው «ቴክኒሻን» ሆኜ ቀረሁ።

እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣ የሁላችንም እጅ ወዲያው ወደ ታይመሩ ይሄዳል። ሰዓቱን አስተካክሎ መገላገል ነው። እኔም ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጌ ስንት ጊዜ ተመልሼ መጥቻለሁ። ሰዓቱን ያስተካከለ ሰው ማስረጃውን አጥፍቷል። ስህተቱ ስንት ነው? በየቀኑ ያድጋል ወይስ ባለበት ነው? አንድ ቀን በድንገት የዘለለ ነው ወይስ ቀስ እያለ የተንፏቀቀ? መልሱ ያለው እዚያው የተሳሳተው ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ሳትነኩት አንድ ሳምንት ታገሱት። ስልካችሁን ሰዓት በራሱ እንዲያስተካክል አድርጉት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ልዩነቱን ደብተር ላይ ጻፉ። መብራት የሄደበትንም ጻፉ።

የእኔ ደብተር ስለ ፓምፑ የነገረኝ ይሄን ነው። 10:30 ላይ መነሳት የነበረበት 10:47 ላይ ነው የሚነሳው። 17 ደቂቃ ዘግይቷል። መብራት ባልሄደባቸው ቀናት ልዩነቱ ንቅንቅ አይልም። አንድ ሐሙስ ማታ መብራት ለአራት ደቂቃ ያህል ሄዶ ሲመለስ ግን 17ቱ 21 ሆነ።

ግን 17 ደቂቃ ብቻውን የአከራዬን ቅሬታ አይሞላም። ፓምፑ የሚሠራው ለ40 ደቂቃ ነው። እሳቸው ደግሞ የሚለኩት በአዛን ነው። አዛን ፀሐይን ይከተላል፣ ፀሐይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት አትወጣም። አዳማ ላይ የሱብሒ ሰዓት በየካቲት ከነበረበት እስከ ግንቦት መጨረሻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀድማል። ታይመሩ ወደ ኋላ ሲጎተት አዛኑ ወደ ፊት መጥቶ መንገድ ላይ ተገናኙ። ታይመሩ ልክ ቢሆን እንኳ ፓምፑ የእሳቸውን ሶላት መረበሹ አይቀርም ነበር። ይሄን ስነግራቸው «እና አዛኑን ነው የምታስተካክለው?» አሉኝ። በበሩ መብራት ላይም ያው ነገር አለ። እዚህ ፀሐይ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ ደግሞ 12:45 ገደማ። «መብራቱ ቀን ይበራል» ብሎ ታይመሩን የሚከስ ሰው በመጀመሪያ ወሩን ይይ።

አሁን ወደ 17 ደቂቃው እንመለስ። የፓምፑ ታይመር ያ የድሮው ነው፣ ክብ ሰሌዳ ያለው፣ ዙሪያውን ትናንሽ ጥርሶች የሚጫኑበት። በውስጡ ሰዓት የለም ቢባል ይቀላል። ያለው ትንሽ ሞተር ነው፣ ሞተሩ ደግሞ የሚከተለው የመብራቱን ምት ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 50 ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል ማለት ነው። ሞተሩ ያንን እየቆጠረ ይዞራል። መብራት ሲሄድ ምቱ የለም፣ ሞተሩ ይቆማል፣ ጊዜ ግን አይቆምም። መብራት ሲመጣ ሞተሩ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋ አከራዬ ራሳቸው ሰሌዳውን በእጃቸው ያዞሩታል። የሦስት ደቂቃውን፣ የአምስት ደቂቃውን ግን ማን ይቆጥራል? ያ ነው ተጠራቅሞ 17 የሆነው።

ምቱ ራሱ ከተዛባም ሰዓቱ ይዛባል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የጠረጴዛ ሰዓት ያላችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ ነው። ከ220 ወደ 110 የሚያወርደው ዕቃ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ምቱን አይነካም። ስለዚህ 60 ጠብቆ 50 የሚያገኘው ሰዓት በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ይጎድለዋል። በቀን አራት ሰዓት መሆኑ ነው። ሰዓቱ አልተበላሸም፣ አገሩን ነው የሳተው። ጄኔሬተርም ያው ነው። 52 ኸርዝ የሚሰጥ ጄኔሬተር እንዲህ ያለውን ታይመር በየሰዓቱ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያስቀድመዋል።

ይሄ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ በሰርቢያና በኮሶቮ የኃይል አለመግባባት የተነሳ የአውሮፓ መረብ ምት ከ50 ወደ 49.996 ገደማ ወርዶ ነበር። ልዩነቱ ምንም አይመስልም። ግን ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መግቢያ ተጠራቅሞ በብዙ አገር የምድጃና የራዲዮ ሰዓቶች ስድስት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀሩ።

የበሩ መብራት ታይመር ሌላ ዓይነት ነው። ቁጥር የሚያሳይ፣ ዲጂታል። የመብራቱን ምት አይከተልም፣ የራሱን ይዞ ነው የሚዞረው። በውስጡ ኳርትዝ የሚባል የድንጋይ ቅንጣት አለ፣ እንደ ሁለት ጥርስ ሹካ የተቆረጠ። ኤሌክትሪክ ሲነካው በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይሄ ቁጥር ዝም ብሎ አልተመረጠም። 32,768ን ለሁለት ስታካፍሉ 16,384 ይመጣል፣ እሱን ደግሞ ለሁለት፣ እንዲህ እያላችሁ በ15ኛው ላይ ልክ 1 ላይ ትደርሳላችሁ። ለሁለት ማካፈል ለኤሌክትሮኒክስ ቀላል ሥራ ነው። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ርግብግቢት በመጨረሻ በሰከንድ አንድ ምት ይወጣል። ሰዓታችሁ የሚቆጥረው እሱን ነው።

ችግሩ ድንጋዩ ሁልጊዜ ልክ 32,768 አይደለም። ተራው ኳርትዝ ከሚሊዮን እስከ 20 ስህተት ይፈቀድለታል። በቀን ውስጥ 86,400 ሰከንድ አለ፣ ከዚያ ላይ የሚሊዮን 20 ማለት በቀን 1.7 ሰከንድ ነው። በወር አንድ ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ ዲጂታል ታይመራችሁ በሳምንት አሥር ደቂቃ ከሳተ በኳርትዙ አትፍረዱ። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

የእኔ ደብተር ስለ በሩ መብራት የሚለው፦ ሰኞ 4 ሰከንድ ወደ ኋላ፣ ማክሰኞ 7፣ ረቡዕ 10፣ ሐሙስ 13። በቀን ሦስት ሦስት እየጨመረ። መብራት ቢሄድም ባይሄድም ለውጥ የለውም። ይሄ የኳርትዝ መልክ ነው፣ ቀስ ያለ፣ እኩል እርምጃ ያለው፣ ሰካራም ያልሆነ። ግን በቀን ሦስት ሰከንድ ከሚሊዮን 35 ነው፣ ከተፈቀደው ይበልጣል። ቀሪው ከየት መጣ?

ከፀሐይ። ታይመሩ ያለው የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ ቆርቆሮ አጥር ላይ ተመቷል፣ አጥሩ ወደ ምዕራብ ያያል። የአዳማን የከሰዓት ፀሐይ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሳጥኑን ከሰዓት 9 ላይ በባዶ እጅ ነክቼው እጄን ቶሎ ነው የመለስኩት። ኳርትዝ ደግሞ 25 ዲግሪ አካባቢ እንዲስማማው ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ከዚያ ሲሞቅ ይዘገያል፣ ሲበርድም ይዘገያል። ሙቀት በራሱ አያስቀድመውም። 45 ዲግሪ ላይ ስህተቱ ወደ ሚሊዮን 14 ይጠጋል፣ 55 ላይ ግን 30 ያልፋል። አሥር ዲግሪ ብቻ ጨምሮ ስህተቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሳጥኑን ነቅዬ ወደ በረንዳው ጥላ አዛወርኩት። በቀን ከሦስት ሰከንድ ወደ ሁለት ወረደ። ለበር መብራት ከዚያ በላይ መድከም አያስፈልግም። ሁለት ወር በሄደ ቁጥር ሁለት ደቂቃ ማስተካከል ነው።

በጣም ልክ የሆነ ከፈለጋችሁ ዲኤስ3231 የሚባል ቺፕ አለ። የራሱን ሙቀት እየለካ ኳርትዙን ያርመዋል። ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ስህተቱ ከሚሊዮን 2 አይበልጥም፣ በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ። በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተገጥሞ ከነባትሪ ቦታው ይሸጣል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሻጩ አይነግራችሁም። በብዛት የሚሸጠው ሰማያዊ ሰሌዳ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርግ መስመር አለው። የምናገኘው ሲአር2032 ባትሪ ግን ቻርጅ አይደረግም። በ5 ቮልት ሲሠራ ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። ወይ ኤልአይአር2032 የሚባለውን ቻርጅ የሚደረገውን ፈልጉ፣ ወይ ሰሌዳውን በ3.3 ቮልት አሠሩት።

ለፓምፑ ግን የዋይፋይ ማብሪያ ገዛሁ። የዋይፋይ ዕቃ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ነው የሚጠይቀው። ዘዴው ኤንቲፒ ይባላል፣ ዴቪድ ሚልስ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል። ልጅ ልካችሁ ጎረቤት ሰዓት አስጠየቃችሁ እንበል። ልጁ ሄዶ ለመመለስ አራት ደቂቃ ፈጀበት። «ሦስት ሰዓት ነው» አለ። ግን ሦስት ሰዓት የነበረው ጎረቤት ቤት በቆመበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የመንገዱን ግማሽ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ጨምራችሁ ሰዓታችሁን 3:02 ታደርጋላችሁ። ኤንቲፒ የሚሠራው ይሄንኑ ነው፣ በሰከንድ ሺኛ እየለካ። ልጁ ሲመለስ መንገድ ላይ ኳስ ካየ ሒሳቡ ይበላሻል። ኢንተርኔቱ በአንድ አቅጣጫ ሲጨናነቅም እንደዚያው ነው፣ ግን ለፓምፕ የሚያስጨንቅ ልዩነት አይደለም።

በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ በቀን የሚንፏቀቅ ስህተት አታዩም። የምታዩት ሌላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማብሪያው በጥቂት ሰከንድ ይነሳል። ራውተሩ ግን ሁለት ደቂቃ ያስፈልገዋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት። እስከዚያ ማብሪያው ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። የማያውቅ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ቀኑን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 ይለዋል፣ የኮምፒውተሮች ቆጠራ የሚጀምርበት ስለሆነ። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው። አከራዬ ገና ልጅ የነበሩበት ዘመን። ፓምፑ 1962 ላይ ሆኖ የ10:30 ሰዓቱን ይስታል፣ ሮቶውም ባዶ ያድራል። ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለኝ። አንዱ ለራውተሩ ትንሽ የባትሪ ዩፒኤስ መግዛት ነው። ራውተሩ ካልጠፋ ግማሹ ችግር አይኖርም። ሁለተኛው ማብሪያው ላይ «መብራት ሲመለስ ምን ልሁን?» የሚለውን ምርጫ «ጠፍቶ ይቆይ» ማድረግ ነው። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ፓምፑ በደረቁ ከተነሳ የሚቃጠለው ሰዓቱ አይደለም።

አሁን ወደ ቀላሉ፣ ግን ከሁሉም ወደሚበዛው ልምጣ። ልዩነቱ ድፍን ሰዓት ከሆነ ጨርሶ መዛነፍ አይደለም፣ አሞላል ነው። ልክ 3 ሰዓት ከሆነ ዕቃው የለንደንን መሠረታዊ ሰዓት ይዞ ቀርቷል፣ እኛ ከዚያ በሦስት እንቀድማለን። ልክ 12 ከሆነ ቀንና ሌሊቱ ተገላብጧል። አንድ ሰዓት ከሆነ፣ ያውም በዓመት ሁለቴ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ሰዓት የሚያዘዋውር አገር ተመርጧል። ካይሮን የመረጠ ሰው እዚህ ጣጣ ውስጥ ይገባል። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ ከሌለ ናይሮቢን ምረጡ፣ ያው ነው። ሞስኮም አሁን እንደ እኛ ናት፣ ግን እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2014 በአንድ ሰዓት ትቀድመን ነበር። ያረጀ ዕቃ ውስጥ ያ የድሮው ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ልክ 6 ከሆነ ደግሞ የሁላችንም ጥፋት ነው። አንዱ ሰው በሀበሻ ሰዓት ሞላው፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት አነበበው። የበሩን መብራት መጀመሪያ የገጠመው ልጅ «12 ሰዓት ማታ» ተብሎ 12:00 ብሎ ሞልቶት ሄዶ ነበር። መብራቱ ቀትር ላይ ይበራ ነበር። አንድ ጓደኛዬ ይሄ ሰልችቶት ዕቃዎቹን ሁሉ የቦነስ አይረስ ሰዓት ላይ አደረጋቸው። አርጀንቲና ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ዕቃው 1:00 ይላል። ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ጎህ ሲቀድ ነው፣ ልክ እንደ እኛ። ሳቅኩም፣ አደነቅኩም። ግን አልመክራችሁም። ማታ አንድ ሰዓት 13:00 ይሆንባችኋል። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝም ይረግማችኋል።

ራሳችሁ ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ልክ ሆኖ ሥራው የሚዛነፍበት መንገድ አለ። «ሥራህን ሥራ፣ 60 ሰከንድ ጠብቅ፣ ድገም» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ሥራው ራሱ ሁለት ሰከንድ ከፈጀ ዙሩ 62 ሰከንድ ነው። በቀን ወደ 46 ደቂቃ ይጠፋል፣ ማንም ሰዓት ሳይሳሳት። መጠበቅን አትቁጠሩ፣ ሰዓቱን እያያችሁ «10:30 ሲሆን» በሉት። ሌላው በአርዱዊኖ ዓይነት ሰሌዳ ላይ በሺኛ ሰከንድ የሚቆጥረው ቆጣሪ ነው። በ49.7 ቀን ይሞላና ወደ ዜሮ ይመለሳል። «በየሁለት ወሩ ገደማ ያብዳል» የምትሉት ዕቃ ካለ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ።

የእኛ ግቢ አሁን እንዲህ ነው። የበሩ መብራት ጥላ ውስጥ ነው። ፓምፑ ግን ከሰዓት ጋር ተፋቷል ማለት ይቻላል። መሬት ያለው ታንከር ውስጥ ከውኃው ጋር የሚንሳፈፍ ማብሪያ አስገባሁ፣ ሮቶው ውስጥም ሌላ። ታች ውኃ ካለና ላይ ከጎደለ ፓምፑ ይነሳል። ለሰዓቱ የተውኩለት አንድ ሥራ ብቻ ነው፣ በሱብሒ አካባቢ ፓምፑን ዝም ማሰኘት። ያንንም በተወሰነ ደቂቃ ሳይሆን ፕሮግራሙ ከፀሐይ መውጫ እየቆጠረ ነው የሚያደርገው፣ በየካቲትም በግንቦትም አዛኑን ተከትሎ እንዲንቀሳቀስ። ትናንት አከራዬን «ፓምፑ እንዴት ነው?» ብላቸው «የቱ ፓምፕ?» አሉኝ።